ዓይን ሳይጨፈን ቀልብን መሰብሰብ

ባለፈው ክረምት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ እየወጣሁ ነበር። ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ሹፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ ብሎ ይነዳል። ድንገት ከፊታችን ይሄድ የነበረው የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። ጧ! አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን ትንፋሹን ዋጠ። ረዳቱ ይቆጥረው የነበረው ብር እጁ ላይ ቀረ። ከኋላ አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። እኔ የፊት ወንበሩን ብረት ጨብጬ መልቀቅ አቃተኝ። ጎማ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ልቤ ግን ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ። እጄ በረዶ ሆነ። ሆዴ ታመሰ።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዘወር ብለው አዩኝ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሎሚ አወጡ። ለመንገድ የያዙት ነው። ልጣጩን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉና አፍንጫዬ ሥር አስጠጉልኝ። «አሽትቺ ልጄ። ጎማ ነው፣ አብሽሪ። ቀልብሽን ሰብስቢ» አሉኝ። ከዚያ ሎሚውን መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን አጠፉልኝ። ሽታው ኃይለኛ ነው። ልጣጩ ይሻክራል። ጥፍራቸው ያረፈበት ቦታ እርጥብ ነው። ይህን ሁሉ እያስተዋልኩ ብረቱን መቼ እንደለቀቅኩት አላውቅም። «እሺ እማማ» ለማለት አፌ ተፈታ።

እኚህ እናት ያደረጉልኝን ነገር ዛሬ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች በሥልጠና ያስተምሩታል። ማይንድፉልነስ ከሚባለው፣ አሁን ያለውን ነገር ከማስተዋል ልምምድ አንዱ ክፍል ነው። ለጭንቀት ይረዳል፤ ማስረጃም አለው። ወደ እኛ የሚመጣበት መልክ ግን ብዙ ጊዜ ለእኛ አይሆንም። በስልካችን የምናየው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ብቻዋን፣ እግሯን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና የተቀመጠች ሴት ነው። ወሎ ውስጥ ቀልቡ የተበተነበት ሰው ግን ዓይኑን ገልጦ፣ እጁን ሥራ አስይዞ፣ ከሰው ጋር ሆኖ ቢጀምረው ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ቃሉ እኛ ዘንድ አለ

ማይንድፉልነስን በአማርኛ ንቁ አስተውሎት የሚሉ አሉ። ጥሞና የሚሉም አሉ። ለእኔ «ቀልብ መሰብሰብ» የሚለውን የሚያህል አላገኘሁም። ቀልብ ዐረብኛው ልብ ማለት ነው። አማርኛ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ሰፋ። ስንደነግጥ «ቀልቤ ተገፈፈ» እንላለን። ራሱን የሳተውን «ቀልቡን ሳተ» እንላለን። ያስቀመጠው ዕቃ ለሚጠፋበት «ቀልብ የለውም» እንላለን። ያልጣመን ሰው ሲመጣ «ቀልቤ አልወደደውም» እንላለን። ቀልብ እንግዲህ ልብም ነው፣ ትኩረትም ነው፣ እዚህ መሆንም ነው። ይገፈፋል፣ ይበተናል፣ ይሰረቃል። ደግሞም ይሰበሰባል። ማለትም ሄዶ የሚቀር ነገር አይደለም።

ልምምዱ ሥሩ የቡድሃ እምነት ውስጥ ነው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ወደ ሕክምና የገባው ግን በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ጆን ካባት-ዚን የተባለ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ዛሬ 8 ሳምንት የሚወስደውን ሥልጠና ለሕመምተኞች ጀመረ። አብዛኞቹ ሕመማቸው በመድኃኒት አልለቅ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ሃይማኖቱን አስቀርቶ ልምምዱን ብቻ ነው የወሰደው። ትምህርቱ ሲጨመቅ ይህ ነው፦ አሁን እየሆነ ያለውን ነገር፣ ሆን ብሎ፣ ሳይፈርዱበት ማስተዋል።

ባዕድ እምነት ነው ብሎ የሚሰጋ ሰው እዚህ አገር ብዙ ነው። ስጋቱን አልንቀውም። በአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማች በሚኖርበት ወሎ ሃይማኖት ቀላል ነገር አይደለም። ግን አስቡት። ሶላት ላይ የቆመ ሰው ቀልቡ ገበያ ሲሄድበት ያዝናል። ቅዳሴ ላይ የቆመ ሰውም ሐሳቡ ሲበተንበት ያዝናል። ሁለቱም ያንኑ ቃል ይጠቀማሉ፤ «ቀልቤ አልሰበሰብልህ አለኝ» ይላሉ። ጸሎትን የጭንቀት ማስታገሻ ማድረጌ አይደለም። ጸሎት ወደ ፈጣሪ ነው። የሄደን ሐሳብ ቀስ አድርጎ መመለስ ግን ሰው ሁሉ የሚችለው ችሎታ ነው። የሚሰግደውም፣ የሚጸልየውም፣ ልብስ የሚሰፋውም ያውቀዋል።

«አትጨነቅ» ለምን አይሠራም

ጭንቀት ከሰውነት ይጀምራል። አእምሮ አደጋ ሲሸተው አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል ደወል ትደውላለች። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን ይረጫሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ደም ከሆድ ወደ ጡንቻ ይሄዳል። ሆዴ ታመሰ የምንለው ለዚህ ነው። ጅብ ሲመጣ ይህ ሁሉ ነፍስ ያድናል። ችግሩ ደወሉ ጅብንና የቤት ኪራይን አይለይም። ጥይትንና ጎማንም አይለይም።

2014 ዓ.ም. ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት የገባባቸው ጊዜ ከተማውን ለቅቆ የወጣው ሰው ያንን ደወል ይዞት ተመልሷል። በፊት ደግሞ የ1966 እና የ1977ቱ ረሃብ ያለፈበት ትውልድ አለ። የእህሉ ጎታ ባዶ ሲሆን የሚሰማቸው ነገር ከእኛ ይለያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ባለፉት 10 ዓመታት ጦርነት ወይም ግጭት ካለፈባቸው ሰዎች 22 በመቶው የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥማቸዋል። ከ5 ሰው አንድ ማለት ነው። ጭንቀት፣ ድባቴና ከአደጋ በኋላ የሚመጣ ሕመም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

በዚያ ላይ የየዕለቱ ጣጣ አለ። መንገድ ተዘጋ አልተዘጋ። የጤፍ ዋጋ። የልጅ ትምህርት። ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀው ሁሉ። ጠዋት ፊት ሳይታጠብ ስልክ ይከፈታል፣ ፀሐይ ሳትወጣ ሦስት መጥፎ ዜና ይነበባል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሰውየው አንድ ቦታ አይገኝም። እጁ ሱቅ ውስጥ ነው፣ ሐሳቡ ነገ ላይ ነው። ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። 2,250 ሰዎችን ቀን በቀን በስልክ እየጠየቁ «አሁን ምን እየሠራህ ነው? ምንስ እያሰብክ ነው?» አሏቸው። ሰዎቹ ከጊዜያቸው 47 በመቶ ገደማውን የሚያስቡት ከሚሠሩት ሌላ ነገር ነበር። ሐሳባቸው በሄደበት ሰዓት ደግሞ ደስታቸው ይቀንስ ነበር።

ታዲያ ለተጨነቀ ሰው ምን እንላለን? «አትጨነቅ። አታስብ። እርሳው።» ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1987 እ.ኤ.አ. ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወል ደውሉ» አላቸው። ደወሉ ደጋግሞ ጮኸ። ሐሳብን በግድ ማባረር ሐሳቡን ይጠራዋል። እኔ በልጅነቴ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ «እንቅልፌ መምጣት አለበት» እያልኩ የማነጋው ሌሊት ትዝ ይለኛል። ይህም ያው ነው።

«አብሽር» የሚለውን ቃላችንን ግን ለየት አድርጌ ነው የማየው። አብሽር መጀመሪያ የምሥራች ማለት ነበር። ወሎ ላይ አይዞህ ሆኗል። አባባሉ ላይ ነው ልዩነቱ። አንዳንዱ ሰው አብሽር የሚለው ነገሩን ለመዝጋት ነው፤ እያለፈ ይለዋል። የሚኒባሷ እናት ግን አብሽሪ ብለው ሎሚውን እጄ ላይ አስቀመጡ። ፍርሃቴን አላባረሩትም። ከፍርሃቱ ጋር የምይዘው ሌላ ነገር ሰጡኝ። ቀልብ መሰብሰብ ማለት ይኸው ነው።

ምን ያህል ይረዳል?

ማጋነን አልወድም፤ ስለዚህ ከጠንካራው ማስረጃ ልጀምር። በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ኤስሲታሎፕራም የሚባል የታወቀ መድኃኒት ወሰዱ። ግማሾቹ የ8 ሳምንቱን የማይንድፉልነስ ሥልጠና ወሰዱ። በመጨረሻ የሁለቱም ጭንቀት በተቀራራቢ መጠን ቀነሰ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ይተው ማለት ግን አይደለም። ጥናቱም እንደዚያ አላለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚያ ሰዎች በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል ክፍል ገብተዋል። ቤታቸው ደግሞ በየቀኑ 45 ደቂቃ እንዲለማመዱ ይጠበቅባቸው ነበር። ደሴ ሸዋ በር ላይ ሱቅ የከፈተች፣ ሦስት ልጅ የምታሳድግ፣ ውኃ የሚመጣላት በሳምንት አንዴ የሆነች እናት 45 ደቂቃ ከየት ታመጣለች? ስለዚህ እኔ የማወራው ስለ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ነው፤ በቀን ብዙ ጊዜ። ሦስት ደቂቃ የ45ቱን ያህል ይሠራል ብዬ አልምልም። ከዜሮ ግን ይሻላል። ሰው የማይደርስበትን ሰጥቶ ከማሳፈር የሚደርስበትን መስጠት ይሻላል።

ያልሠራበትም ቦታ አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከ8 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ሰፊ ሙከራ ውጤቱ ታተመ። ልጆቹ የተማሩት ማይንድፉልነስ ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ነገር አላመጣላቸውም። አብዛኞቹ ቤታቸው አልተለማመዱትም። ቀልብ መሰብሰብ ወደው የሚያደርጉት ነገር ነው። በደወል ተጠርተው፣ በትእዛዝ፣ ለሁሉ አንድ ዓይነት ተደርጎ ሲሰጥ አይይዝም።

ለምን ዓይን ገልጦ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዓይን ጨፍኖ ትንፋሽን ማዳመጥ ለብዙ ሰው ጥሩ ነው። ከባድ ነገር ላየ ሰው ግን ሊከብደው ይችላል። ዓይኑ ሲጨፈን ያየው ነገር ይመጣል። ጸጥታው ራሱ ያስፈራዋል። ጸጥ ሲል ነበር የሚተኮሰው። ልብን ማዳመጥ ደግሞ ልቡ ሲመታ የሚደነግጥን ሰው ይባስ ያስደነግጠዋል። እንዲህ ያለ ሰው አንዴ ሞክሮ ሲከፋበት «እኔ አልሆንም» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ለእሱ በሩ ውጭ ነው፤ እጅ፣ እግር፣ አፍንጫ፣ ጆሮ። እግርን መሬት ማስያዝ የሚባል ልምምድ አለ። እንዲህ ነው፦ ባላችሁበት፣ ተቀምጣችሁም ሆነ ቆማችሁ፣ ሁለቱን እግሮቻችሁን መሬት ላይ ጫን አድርጉ። ዓይናችሁን አትጨፍኑ። ከፊታችሁ ያለውን አንድ ነገር እዩ። የበሩን ቀለም፣ የግድግዳውን ስንጥቅ። የሚሰማውን ድምፅ ስሙ፤ ባጃጅ ነው፣ አዛን ነው፣ ዶሮ ነው። እጃችሁን በእጃችሁ ንኩ። ጭንቀቱ እዚያው ሊቆይ ይችላል። ሂድ አትበሉት። «አለ። እኔም እዚህ አለሁ» በሉ። ሐሳቡ ይዟችሁ ሲሄድ ወደ እግራችሁ ተመለሱ። አሥር ጊዜ ቢሄድ አሥር ጊዜ። ጡንቻ የሚሠራው በመመለሱ ላይ ነው። ሐሳቤ ሄደ ብሎ መናደድ አያስፈልግም።

ትንፋሽ ለሚመቸው ደግሞ አንድ ቀላል ነገር አለ። ወደ ውጭ የምናወጣውን ትንፋሽ ከምናስገባው ማስረዘም። እስከ አራት ቆጥሮ ማስገባት፣ እስከ ስድስት ቆጥሮ ማውጣት። ምክንያቱም አየር ስናስገባ ልባችን በጥቂቱ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይዘገያል። ከአእምሮ ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚወርደው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው ይህን የሚያደርገው። ሻማ ሳታጠፉ ነበልባሉን ብቻ እንደምታወዛውዙ ቀስ አድርጋችሁ አውጡት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ማንም ሳያያችሁ ይሠራል።

ሌላው ሐሳብን በስሙ መጥራት ነው። «ልጄ አደጋ ደርሶበታል» ብሎ ከማሰብና «አእምሮዬ ልጄ አደጋ ደርሶበታል እያለኝ ነው» ከማለት መካከል ርቀት አለ። ትንሽ ርቀት ናት። ግን ስልኩን አንስቶ አሥራ አምስት ጊዜ ከመደወል አንዴ ደውሎ ለመጠበቅ የምትበቃ ርቀት ናት። ይህን ከራሴ ነው የምናገረው። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር የምሆነውን የማውቀው እኔ ነኝ።

ቡናው

ወሎ ላይ ቀልብን ለማሠልጠን የተመቸ ነገር ቢኖር ቡና ነው። ብዙ ሰው ቡናን ሲያነሣ ስለ መጠጣቱ ያወራል። እኔ ስለ መቁላቱ ነው የማወራው።

እናቴ ቡና ስትቆላ አይቻለሁ። ፍሬውን ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥበዋለች። ብረት ምጣዱን ከሰሉ ላይ ታደርጋለች። መጀመሪያ ድምፅ የለም፤ የውኃው እንፋሎት ብቻ ነው። ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡኒ ይሄዳል። ከዚያ መንጣጣት ይጀምራል። በዚህ ሰዓት ብታናግሯት አትመልስም። እጇ ይዞራል፣ ጆሮዋ ምጣዱ ላይ ነው። ቡና ሲቆላ ቀልቧ የሄደ ሴት ቡናውን ታሳርረዋለች። ዘይቱ ብቅ ብሎ ፍሬው ሲያብለጨልጭ ታወርደዋለች፣ ጭሱንም ለሰው ሁሉ ታዞራለች። እያንዳንዱ ሰው ጭሱን በእጁ ወደ ራሱ ይስባል። ከዚያ ሙቀጫው፣ ከዚያ ጀበናው። አቦል ሲቀዳ «ጀባ» ይባላል፣ ምርቃት ይመጣል፣ ሁሉም አሚን ይላል። ቶና፣ በረካ። ሦስቱን ሳይጨርስ የሚነሣ የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ሰው አንድ ቦታ ላይ ከሰው ጋር ይቆያል።

ይህ ማለፊያ ሥልጠና ነበር። ነበር የምለው አሁን ረከቦቱ አጠገብ ስልክ ስለተቀመጠ ነው። ቡናው ይቆላል፣ ማንም አያየውም። ጭሱ ይዞራል፣ ግማሹ ሰው አንገቱን ደፍቷል። አቦሉ ቲክቶክ እየታየ ያልቃል። ስልክ ጠላት ነው አልልም። ልጆቻችን የሚደውሉልን በእሱ ነው። የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ፍሬው ምጣድ ላይ ከወጣበት እስከ አቦሉ ድረስ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ጭሱ ሲመጣ አንዴ በደንብ ይሸተት። ሲኒው ሲያዝ ሙቀቱ ጣት ላይ ይሰማ። የመጀመሪያዋ ጉንጭ ምላስ ላይ ትቆይ። ለዚህ ተጨማሪ ጊዜ አይጠየቅም፤ ጊዜው ድሮም ተሰጥቷል።

አንድ እውነት ግን አለ፤ ቡና ወዳጅ ብሆንም አልደብቀውም። ቡና ውስጥ ያለው ካፌን የሚባል ንጥረ ነገር ልብን ያፈጥናል። እጅ ያንቀጠቅጣል። ጭንቀት ለሚያጠቃው ሰው ሰውነቱ የሚሰጠው ምልክት ከፍርሃት ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ቡናው የጭንቀቱን ደወል ሊደውልበት ይችላል። ደግሞ የጠጣነው ካፌን ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ደማችን ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስት ሲኒ ጠጥቶ ሌሊት የሚገላበጥ ሰው ጭንቀቱን ብቻ አይውቀስ። አቦልን ትቶ በረካን መጠጣት ይቻላል። እናቶቻችን ራሳቸው «ለእኔ ቀጠን አድርጊልኝ» ይላሉ። ከሥርዓቱ አለመለየት፣ ካፌኑን መቀነስ ነው።

ጫትም እንዲሁ ነው። «ቀልቤን የምሰበስበው ስቅም ነው» የሚል ሰው ብዙ አውቃለሁ፣ እውነቱን ነው። ምርቃናው ላይ ሐሳቡ ይጠራል። ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። ደም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱ ይመጣል፣ ጠዋት ሐራራው። ያ ቀልብ የተሰበሰበ መስሎ የተበደርነው ነው።

የማይችለው ነገር

ቀልብ መሰብሰብ የቤት ኪራይ አይከፍልም። መንገድ አይከፍትም። የሞተ ልጅ አይመልስም። ችግሩ ውጭ ያለን ሰው «ችግሩ አስተሳሰብህ ነው» ማለት በደል ነው። ልምምዱ የሚሰጠው ትንሽ ነገር ነው፤ መደረግ ያለበትን ለማድረግ የሚበቃ መረጋጋት።

ሕክምና የሚፈልግም ጭንቀት አለ። ለሳምንታት እንቅልፍ የነሳ፣ ምግብ ያስጠላ፣ ሥራ ያስተወ፣ ሌሊት በቅዠት የሚያስጮህ፣ ወይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ያመጣ ከሆነ በትንፋሽ ብቻ አይመለስም። ሞት ሞት የሚለው ሰው ዛሬውኑ ሰው ይያዘው፤ ብቻውን አይደር። ልብ ሲመታ ሁሉ ጭንቀት ነው ማለትም አደገኛ ነው። የደም ማነስ ልብ ያስመታል። የእንቅርት ዕጢ ሲዛባም እንዲሁ። መጀመሪያ መመርመር ነው። ደሴ ትልቁ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ጤና ጣቢያ ሄዶ መነሻ ምክር መጠየቅም ይቻላል። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ መድኃኒቱን ግን በኪሱ ይዞ ይሂድ። ሁለቱ አይጣሉም።

ቅሬው

የቀረኝ ከሰው ጋር የሚለው ነው።

በ2020 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ አንድ ሙከራ አለ፤ ከብዙዎቹ ጥናቶች ለእኛ የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። ሰሜን ኡጋንዳ ውስጥ በስደተኞች ሠፈር የሚኖሩ 694 ደቡብ ሱዳናውያን ሴቶች የተሳተፉበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ሥልጠና ነው የተሰጣቸው። አምስት ጊዜ ብቻ ተገናኙ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ሰዓት ገደማ። ሐኪም አልነበረም። ትምህርቱ በድምፅ የተቀዳ ነው። ሥዕል ያለው መጽሐፍ አብሮ አለ። የሚያስተባብሩት አጭር ሥልጠና የወሰዱ ተራ ሰዎች ናቸው። በአንድ ጊዜ እስከ 30 ሰው ይሰበሰባል። ከሚያስተምረው አንዱ ያ እግርን መሬት ማስያዝ የሚባለው ነው። ከሦስት ወር በኋላ ሲታይ የተሳተፉት ሴቶች ጭንቀትና ሥቃይ ካልተሳተፉት ይልቅ ቀንሶ ተገኘ።

ይህን ሳነብ ያሰብኩት ቅሬን፣ የወሎን እድር ነው። ወሎ ላይ ቅሬ የሌለበት መንደር አላውቅም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ የሚቀባበርበት ነው። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ አለው፣ ትልቅ ጀበናና ሲኒ አለው፣ የአባላት መዝገብ አለው። ከሁሉ በላይ እምነት አለው። ሰው ለማያውቀው ባለሙያ የማይናገረውን ለቅሬው ዳኛ ይናገራል። አሁን ግን የሚሰበሰበው ሰው ሲሞት ነው። ከለቅሶው በኋላ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን የሚቀርበት ጊዜ ነው ክፉው።

ለአንድ ቅሬ ብዙ ነገር አያስፈልግም። አንድ ድምፅ ማጉያ። በጥሩ አማርኛ፣ በሰፈሩ ሰው አነጋገር የተቀዳ ትምህርት። ማንበብ የማይችልም የሚረዳው ሥዕል። ትዕግሥት ያላቸው ሁለት አስተባባሪዎች። ሴቶች ለብቻቸው ቢሆኑ ይመረጣል፤ በ2014 የደረሰባቸውን ወንድ ፊት የማይናገሩ አሉ። መናገርም ግዴታ አይሁን። ቀኑ ገበያ ያልዋለበት ይሁን፤ ደሴ ላይ ሰኞ አይሆንም። ሰዓቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ቢሆን ልጅም ተመልሷል፣ ምሳም ተነሥቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንድ ጥግ ብትቀመጥ ደግሞ የባሰበትን ሰው ለይታ ወደ ሕክምና ትልካለች።

ቡናውም ይኑር። የሚጠጣው ግን ከልምምዱ በኋላ ይሁን፤ ልብ ሳይፈጥን። መቁላቱ መጀመሪያ ላይ፣ እዚያው ሰው መካከል ይሁን። የመጀመሪያው ልምምድ ዓይንን ገልጦ ጭሱን ማሽተት ነው።